ሶላር ከመግዛት በፊት ጣሪያን ስለ መመርመር

በአዲስ አበባ ለሱቁ ወይም ለመኖሪያ ቤቱ ሶላር ፓኔል ለመግዛት ያሰበ ነጋዴ ከዕቃው ዋጋ አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው የገዛ ጣሪያውን ነው። ጣሪያው ካልተስማማ፥ ዕቃው የቱንም ያህል ቢመረጥ ገንዘቡ በከንቱ ይቀራል።

አንደኛ፥ ጥላ ነው። በጠራ ቀን ከጧቱ በ3፥ በቀትር በ6፥ ከቀትር በኋላም በ9 ሰዓት የዛፍ ወይም የጎረቤት ፎቅ ጥላ በጣሪያው ላይ ያርፍ እንደ ሆነ መመልከት ያስፈልጋል። በተከታታይ ከተያያዙት ፓኔሎች በአንዱ ላይ ጥላ ቢያርፍ የሌሎቹም ኃይል ሊቀንስ ይችላል። ከተማይቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ፥ የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ፥ በሰኔ ግን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለዚህ በታኅሣሥ ምንም ያላጠላ የሰሜን ዛፍ በሰኔ ሊያጠላ ይችላል።

ሁለተኛ፥ ጥንካሬ ነው። ለቤት የሚሆን አንድ ትልቅ ፓኔል 20 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ስለሚመዝን፥ የዛገ ቆርቆሮና ምስጥ የበላው እንጨት አስቀድሞ ይለወጥ።

ሦስተኛ፥ ሒሳቡ በበጋው ፀሐይ ብቻ ሳይሆን በክረምቱም ደመና ይሠራ።

ይህን አስቀድሞ ለገዢው የሚያስረዳ ሻጭ አንድ ሽያጭ ቢያመልጠው እንኳ ደንበኛውን አያጣም።