ስለ ቃል ትርጕም፤ «ፖፕ» እና «ፈነዳ»

አንድ ቃል ብዙ ትርጕም ሊኖረው ይችላል። ትርጕሙም የሚለየው አብረውት ካሉት ቃላት ጋራ ሲነበብ ነው።

በየካ አባዶና በእንጦጦ ግርጌ፥ ነሐሴ 13 ቀን ለሚውለው ቡሄ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ «ጧ አለ» ይባላል። ቃሉ የተወለደ ከድምፁ ነው። እንግሊዞችም የጠርሙስ ቡሽ ሲነቀል የሚሰማውን ድምፅ «ፖፕ» ይሉታል። ከዚህም የተነሣ ፈንዲሻን «ፖፕኮርን»፥ ጋዝ ያለበትን ለስላሳ መጠጥ «ፖፕ» አሉ። የመጠጡ ስም ከቡሹ ድምፅ እንደ መጣ ባለቅኔው ሮበርት ሳውዚ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1812 ጽፏል። ነገር ግን «ፖፕ» የሚባለው ዘፈን «በሕዝብ የተወደደ» ማለት ከሆነው «ፖፑላር» አጥሮ የቀረ ነው፤ በአሜሪካም ልጅ አባቱን «ፖፕ» ሲል «ፓፓ»ን ማሳጠሩ ነው። እንግዲህ መልኩ አንድ ሲሆን ሥሩ ሦስት ነው።

የእኛ «ፈነዳ» ግን ሥሩ አንድ ሆኖ ቅርንጫፉ ብዙ ነው። በቆሎ በምጣድ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ጥቂት ውሃ እንፋሎት ሆኖ ቅርፊቱን ይሰነጥቃል፤ ፈነዳ ይባላል። ብጕንጅ ይፈነዳል፤ ሰው በሳቅ ይፈነዳል፤ ቦምብም ይፈነዳል። በመስከረም የአደይ አበባ ያለ አንዳች ድምፅ ሲከፈት፥ እርሱም ፈነዳ ይባላል። ሁሉንም የሚያስተባብራቸው ድምፅ ሳይሆን፥ በውስጥ ታፍኖ የቈየው ሽፋኑን ጥሶ መውጣቱ ነው።

ማጥበቅና ማላላትም ትርጕም ይለያል። «ጅራፉ ጧ አለ» ሲል «ለ» ይላላል፤ «ውሃ አለ» ሲል ይጠብቃል። ፊደሉ አንድ ስለ ሆነ ዐረፍተ ነገሩን ያላስተዋለ አንባቢ ይሳሳታል።

ይህ ትምህርት ለንባብ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ያልፈነዳ እንቡጥ ቢነኩት ጕዳት የለውም፤ ከጦርነት የተረፈ ያልፈነዳ ቦምብ ግን የነካውን ይገድላል። «አልፈነዳም» ማለት ለአበባው «ገና ነው» ማለት ሲሆን፥ ለቦምቡ «አደጋው አላለፈም» ማለት ነው። ስለዚህ መምህራንና ሽማግሎች እንዲህ ያለውን ብረት ያየ ልጅ ሳይነካው ርቆ ለታላላቆች እንዲናገር ያስጠንቅቁት።

መልመጃ፤ ተማሪዎች በ«ፈነዳ» አራት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ትርጕሙን ያስታወቃቸው የትኛው ቃል እንደ ሆነም ያመልክቱ።