ሐይቅንና አምባሰልን ልታይ ለተነሣህ ልጄ

ልጄ፣ የአያቶችህን አገር በእግርህ ልትዞር መነሣትህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ልብህ ቅን ነው፤ ጥድፊያህ ግን ያሳስበኛል። ሐይቅን በግማሽ ቀን፣ ግሸንን በግማሽ ቀን ብለህ ያወጣኸውን ዕቅድ ተወውና ይህን አንብብ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል።

1. ወቅቱን ለይተህ ተነሣ። በሐምሌና በነሐሴ አትምጣ። ጉሙ ተራራውን ይጋርድብሃል፣ ጭቃው እግርህን ይይዝብሃል፣ ገበሬውም በእርሻና በአረም ተወጥሮ ላንተ ጊዜ አይኖረውም። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ደግ ነው፤ ሰማዩ ይጠራል፣ ሩቁ ተራራ ቅርብ ይመስላል። መስከረም 21 ቀንን ግን ለብቻው አስበው። ለግሸን ንግሥ ከሆነ ከሕዝቡ ጋር ውጣ፣ በረከት ነው። አምባውን ረጋ ብለህ ለማየት ከሆነ ንግሡ ይለፍ፤ በዚያ ቀን ከፊትህ ካለው ሰው ነጠላ ሌላ የምታየው ነገር አይኖርም። የመንገዱንም ሰላም ደሴ መናኸሪያ ሹፌሮቹን ጠይቅ። ትናንት ማታ ከዚያ የመጣ ሰው የሚነግርህን ሌላ ሰው አይነግርህም።

2. ታንኳ ከመሳፈርህ በፊት ከሐይቁ ዳር ቁጭ በል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ስፍራ ዛሬ በእግርህ የምትገባበት ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ ጥንት ግን ደሴት ነበር። ውሃው እየሸሸ ሄዶ ደሴቱ ከየብሱ ጋር ተገናኘ። አሁን ጫማህን ሳታወልቅ የምትረግጠው ዝቅ ያለ መሬት ያኔ የታንኳ መንገድ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳታውቅ ብትገባ ዛፍና ቤተ ክርስቲያን አይተህ ትመለሳለህ። ሐይቁ ወደ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቅ የሆነበት ቦታ ወደ 80 ሜትር ይደርሳል። የአንከርካ ወንዝ ይገባበታል፣ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ዝናቡ ሲያንስ ውሃው ይሸሻል፤ ከዙሪያው ኮረብታ ታጥቦ የመጣ አፈርም ሌላውም ነገር ገብቶ እዚያው ይቀራል። የውሃ ላስቲክህን ዳሩ ላይ ጥለህ ብትሄድ ጎርፍ ይወስደዋል ብለህ አትጽናና። የሚወስደው ወደ ሐይቁ ነው፣ ከሐይቁ ደግሞ የትም አይሄድም። ቦርሳህ ውስጥ ከተህ ደሴ ድረስ ይዘኸው ተመለስ።

3. ገዳም ስትገባ በገዳሙ ሥርዓት ግባ። እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፤ እኅትህ አብራህ ከመጣች በር ላይ ደርሳ እንዳታዝን አስቀድመህ ንገራት፣ አብራችሁም ሐይቁን ዙሩ። አንተም መነኮሳቱን «ያን ነገር አውጡልኝ» እያልክ አታስጨንቅ። የዚህን ቦታ ክብር ልንገርህ። አባ ኢየሱስ ሞአ በደብረ ዳሞ ተምረው በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እዚህ ገዳም መሠረቱ፤ ገዳሙም ትልቅ ትምህርት ቤት ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ እንደተማሩ ገድላቸው ይናገራል። ይኩኖ አምላክም እዚህ እንዳደጉ በትውፊት ይነገራል፤ እ.ኤ.አ. በ1270 ሲነግሡ የገዳሙ አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ትልቅ ስፍራ ያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው ይላሉ። አባ ኢየሱስ ሞአ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ ያስጻፉት ወንጌል አለ፤ በውስጡ የራሳቸው ሥዕል ይገኛል። እሳቸው ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1292 ነውና ሥዕሉ በሕይወት ሳሉ የተሣለ ነው። እንግዲህ አስበው፤ ግራኝ አሕመድ ከመነሣቱ በፊት፣ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት የተጻፈ ብራና ነው። የእጅ ወዝ ብራናን ይበላል፣ ብርሃን ሲበዛበትም ቀለሙ ይደበዝዛል። ዕድል ቀንቶህ አንድ የብራና መጽሐፍ ቢገለጥልህ እጅህን ወደ ኋላ አድርገህ በዓይንህ ብቻ እይ። ካላሳዩህ ደግሞ አታኩርፍ። እስከ ዛሬ የቆየው ለመጣ ሁሉ ስላልተገለጠ ነው።

4. በሰው ማሳ ሰላምታ ሳትሰጥ አትለፍ። በእንግሊዝ አገር የእግረኛ መንገድ በካርታ ላይ ተሰምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ መንገደኛው በገበሬው መሬት መካከል ማንንም ሳይጠይቅ ያልፋል። በተሁለደሬና በአምባሰል እንዲህ ያለ ካርታ አታገኝም። መንገዱ በጤፉና በማሽላው ጠርዝ፣ በሰው ጓሮ በኩል ነው፤ የሚያሳልፍህ አንደበትህ ነው። ከሩቅ ቆም በል፣ «እንዴት ዋላችሁ» በል፣ ከየት እንደመጣህና የማን ልጅ እንደሆንክ ተናገር። ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ ነው፤ እንግዳ ነኝ ብለህ ዝቅ በል። ከዚያ በኋላ ወሎ ነውና «አብሽር» ብለው ቡና ይጠሩሃል። አቦሉን ጠጥተህ አትነሣ፤ ሦስተኛው ሲኒ እስኪወርድ ተቀመጥ። ሽማግሌው ሲመርቁ እጅህን ዘርግተህ «አሜን» በል፤ የሙስሊም ቤት ከሆነ «አሚን» በል። በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ሁለቱንም ልታገኝ ትችላለህና ስም ሰምተህ ሃይማኖት አትገምት። ከመጽሐፍ የማታገኘው የአገሩ ታሪክ የሚነገርህ በዚያ ሦስተኛ ሲኒ ላይ ነው።

5. ግሸንን መጀመሪያ በሩቅ፣ ቀጥሎ በቅርብ እያት። ወደ አምባው ከመውጣትህ በፊት ከትይዩው ከፍታ ላይ ቁምና አፋፉን በዓይንህ ተከተል፤ ዙሪያውን ገደል ሆኖ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ ነው። የይኩኖ አምላክ ዘር የሆኑ ልዑላን መንግሥት እንዳይሻሙ እዚህ ይጠበቁ የነበረው ለምን እንደሆነ ያኔ ማንም ሳያስረዳህ ይገባሃል። ንጉሥ ሲሞት አንዱን አውርደው ያነግሡት ነበር። ይህ ሥርዓት በ16ኛው መቶ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ተቋረጠ። ወሬው ግን ባሕር ተሻግሮ ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 ባሳተመው ግጥሙ ይህንኑ አምባ የአማራ ተራራ ብሎ ከነልዑላኑ አንሥቷል፤ ሳሙኤል ጆንሰንም እ.ኤ.አ. በ1759 ራሴላስ የተባለውን የኢትዮጵያ ልዑል ታሪክ ጽፏል። ሁለቱም ይህን አገር በዓይናቸው አላዩም። ያላዩት ሰዎች ይህን ያህል ሲያስቡበት፣ አንተ ከደሴ በመኪና የምትደርስበት ልጅ ፎቶ አንሥተህ ብቻ ብትመለስ እቀየምሃለሁ። ከላይ እግዚአብሔር አብንና ማርያምን ተሳለም። ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዳዊትና በልጃቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደዚህ እንዴት እንደመጣ የሚተርከው መጽሐፈ ጤፉት ነው፤ ካህናቱን ጠይቅ፣ በደስታ ይነግሩሃል። አወጣጡን በማለዳ አድርገው፣ ውሃ ያዝ፣ የአገሩን ልጅም አስከትል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ።

6. ውጫሌ ላይ ውረድ። መኪናው ወደ ወልዲያ ሲያልፍ ብዙ ሰው በመስኮት አይቷት ያልፋል። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው እዚሁ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ ዓድዋ ላይ የደረሰው ነገር መነሻው እዚህ ነበር። ስፍራው ላይ ጥቂት ቁም፣ ይበቃል።

7. ከመሄድህ በፊት ጆሮህን አዘጋጅ። አምባሰል ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች የአንዱ ስም ነው፤ ትዝታን፣ ባቲንና አንቺሆዬን ጨምረህ ስማ። ባቲም የዚሁ የወሎ አገር ስም መሆኑን ልብ በል።

8. ሐይቁ ላይ የታንኳውን ዋጋ ሳትሳፈር ተስማማ፣ ከተስማማህ በኋላ አትከራከር። ባለታንኳው የልጆቹን እንጀራ የሚያገኘው አንተን ቀዝፎ ነው። የሕይወት አድን ሰደርያ ካለ ልበስ፤ ዋና እችላለሁ አትበለኝ፣ የውሃውን ጥልቀት ነግሬሃለሁ። ነፋስ ከተነሣም ቀዛፊው ዛሬ አይሆንም ሲልህ ገንዘብ ጨምሬ ልስጥህ አትበል። ዓሣ አምሮህ ከሆነ ዳር ላይ ካሉት አጥማጆች ግዛ። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው ብለህ አትዘናጋ፤ ሲመሽ መኪናው ይሳሳል፣ በመንገዱም ላይ ከብት ይበዛል። ከ11 ሰዓት በፊት መናኸሪያው ጋ ተገኝ፤ ቤት ስትገባም ደውልልኝ።