ያሰመርነው ሁሉ አይታወስም፦ ያነበብነውን በልብ ስለ ማኖር

የዛሬው ትምህርት ስለ እስክሪብቶ ነው ብላችሁ አትገረሙ። የብዙዎቻችን መጽሐፍ ቅዱስ ሲገለጥ ቢጫ፣ ሮዝና አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ደስ ይላል። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፤ ባለፈው ወር ካሰመራችሁት ውስጥ፣ መጽሐፉን ሳትገልጡ፣ አሁን የትኛውን ትነግሩኛላችሁ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። የምንኖረው በሰው አገር ነው። ከመካከላችን የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ አለ፤ መኪና እየነዳ ስብከት የሚሰማ አለ፤ በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ፣ ስልኳም አሠሪዋ እጅ የሚውል እህት አለች። ከአገር ቤት መርዶ ሲመጣ ወይም ሐኪሙ የምርመራ ውጤት ሲነግረን ማስታወሻ ደብተር ፈልገን አናገላብጥም። በዚያች ሰዓት የሚያቆመን በልባችን ያለው ነው። ስለዚህ ያነበቡትን ማስታወስ የተማሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የመጽናት ጉዳይ ነው።

ንጉሡ ራሱ ይጻፍ

ዘዳግም 17፥18-20ን አንብቡ። እግዚአብሔር በእስራኤል ላይ ስለሚነግሠው ሰው ሲያዝዝ፣ በዙፋኑ በተቀመጠ ጊዜ የሕጉን ቅጂ ለራሱ እንዲጽፍ፣ ከእርሱ ጋር እንዲያኖረውና ዕድሜውን ሁሉ እንዲያነበው ይናገራል። ንጉሥ ጸሐፊ ያጣል? አያጣም። ቃሉ ግን በእጁ አልፎ ወደ ልቡ እንዲገባ ተፈለገ። ዓላማውም ተገልጿል፤ እግዚአብሔርን መፍራት እንዲማርና ልቡ በወንድሞቹ ላይ እንዳይታበይ ነው። ማስታወሻችን ዕውቀታችንን ለሰው የምናሳይበት ከሆነ፣ ንጉሡ ከተጠነቀቀበት ወጥመድ ውስጥ እኛ ገብተናል ማለት ነው።

ማስመር ብቻውን ለምን አይበቃም?

ኸርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እያጠና የራሱን ማስታወስ ለካ። በ1885 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ ያጠናነው ነገር በፍጥነት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይዘገያል። የእሑድ ስብከት ማክሰኞ ላይ ለምን እንደሚደበዝዝ ከዚህ ይገባናል።

በ2013 ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የአጠናን ዘዴዎችን መርምረው፣ ማስመርና ቀለም መቀባት ዝቅተኛ ጥቅም ካላቸው መካከል እንደሆኑ ጻፉ። ከፍ ያለ ጥቅም ያገኙባቸው ሁለቱ፣ ራስን መጠየቅና ጊዜ እየለዩ ደጋግሞ መመለስ ናቸው። ምክንያቱን ስናስበው ከባድ አይደለም። ያሰመርነውን ስናይ ዓይናችን ያውቀዋል፤ ዓይን ያወቀውን ልብም የያዘው ይመስለናል። ሴሚናሪ ሳለሁ የግሪክኛ ቃላትን የምናጠናው በትናንሽ ካርዶች ነበር፤ በፊቱ ቃሉ፣ በጀርባው ትርጉሙ። ቃሉ በአእምሯችን የሚቀመጠው ካርዱን ደጋግመን ስላየን ሳይሆን፣ ሳንገለብጠው ትርጉሙን ለማስታወስ ስለታገልን ነበር።

እንዴት እናድርግ?

አንደኛ፦ መጀመሪያ አንብቡ፣ ከዚያ አስምሩ። ምዕራፉን ወይም ክፍሉን ሳትጨርሱ እስክሪብቶ አታንሡ። ዋናው ሐሳብ የቱ እንደሆነ የሚታወቀው መጨረሻው ሲታይ ነው። በአንድ ገጽ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ይበቃል። ገጹ በሙሉ ከተቀባ ምንም አልተለየም ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ በራሳችሁ አባባል አንድ ዐረፍተ ነገር በኅዳጉ ጻፉ። ጥቅሱን መገልበጥ ሳይሆን፣ ምን እንደሚል ለእናታችሁ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ ጻፉት። ቀኑንም አስፍሩ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ስትመለሱ ጌታ ከየት እንዳወጣችሁ ታነባላችሁ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው አሜሪካዊ ሰባኪ ጆናታን ኤድዋርድስ በየገጾቹ መካከል ባዶ ወረቀት የገባበት መጽሐፍ ቅዱስ ነበረው፤ በዚያ ላይ ከ5,000 በላይ ማስታወሻዎችን ጽፏል።

ሦስተኛ፦ ያልገባችሁን በጥያቄ ምልክት ያዙ። በሐዋርያት ሥራ 8 ያ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ፊልጶስ ሲደርስለት ያልገባውን አልደበቀም፤ ነቢዩ ስለ ማን እንደሚናገር ለይቶ ጠየቀ። ወንጌልም የተሰበከለት ከዚያ ጥያቄ ተነሥቶ ነው። የተጻፈ ጥያቄ መልስ ይጠብቃል፤ ያልተጻፈ ግን ይረሳል።

አራተኛ፦ መጽሐፉን ዝጉና ተናገሩ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ያስታወሳችሁትን በቃል ተናገሩ ወይም በወረቀት ጻፉ፤ ከዚያ ገልጣችሁ የጎደለውን እዩ። በማግስቱ፣ ከሳምንት በኋላና ከወር በኋላ ድገሙት። ለጸሎት ጓደኛችሁ በስልክ መንገርም ድግግሞሽ ነው።

መጽሐፉ የተውሶ ከሆነ አትጻፉበት፤ የገጹን ቁጥር በደብተር ያዙ። በስልክ የምታነቡ ከሆነም ቀለሙን ብቻ አትንኩ፤ ከሥሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

በፊልጵስዩስ እንሞክረው

ብዙ ሰው ያሰመረበት ጥቅስ ቢፈለግ ፊልጵስዩስ 4፥13 ከፊተኞቹ ይሆናል። ጳውሎስ ክርስቶስ ስለሚሰጠው ኃይል የተናገረበት ነው። በቲሸርት ላይ ሳይቀር ታትሟል። ለፈተና፣ ለቪዛ፣ ለንግድ እንጠቅሰዋለን። እስቲ እስክሪብቶውን አስቀምጡና ደብዳቤውን በሙሉ አንብቡ፤ አራት ምዕራፍ ብቻ ነው። ከዚያ ደስታ የሚለውን ቃል ባገኛችሁበት ሁሉ አክብቡት። ስለ እስራቱ የጻፈበትን ደግሞ አስምሩ፤ 1፥7 እና 1፥13 ላይ ታገኙታላችሁ። አሁን ከቁጥር 13 ሁለት ቁጥር ወደ ላይ ውጡ። ጳውሎስ መጥገብንም መራብንም፣ ማግኘትንም ማጣትንም ተምሬአለሁ እያለ ነው። ኃይሉ የተሰጠው የፈለገውን ሁሉ ለማግኘት ሳይሆን፣ ሲያገኝም ሲያጣም በክርስቶስ ረክቶ ለመኖር ነው። በኅዳጉ ላይ ምናልባት እንዲህ ትጽፋላችሁ፦ «እስረኛው ማጣትን የቻለው ክርስቶስ ስላበረታው ነው።»

ልዩነቱን አያችሁ? ቁጥር 13ን ብቻ ያሰመረ ሰው ቪዛው ሲከለከል ቃሉ የከዳው ይመስለዋል። ቁጥር 11ንና 12ን በልቡ የያዘ ግን በተከለከለበትም ቀን የሚቆምበት አለው።

ያዕቆብ 1፥22-25 ቃሉን ሰምቶ የማያደርገውን፣ ፊቱን በመስታወት አይቶ እንደሄደና ወዲያው ምን እንደሚመስል እንደረሳ ሰው ይመስለዋል። የማስታወስ ፍጻሜው ማድረግ ነው። ስለዚህ ከማስታወሻችሁ ሥር ሁልጊዜ አንድ መስመር ጨምሩ፦ በዚህ ሳምንት ምን ላድርግ?

የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሳምንት ፊልጵስዩስን በሙሉ አንብቡ። ከየምዕራፉ አንድ ቦታ ብቻ አስምሩ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ቅዳሜ ማታ መጽሐፉን ዘግታችሁ አራቱን ለቤተሰባችሁ ተናገሩ። ልጆቻችሁ አማርኛ ማንበብ ባይችሉም ከአፋችሁ ይሰማሉ።

ጌታ ቃሉን በልባችሁ ጽላት ላይ ይጻፍላችሁ፤ በክፉ ቀንም ያስታውሳችሁ። አሜን።