ፕላትሌትሽ ቀንሷል ሲባል፦ ለነፍሰ ጡሮችና ለቤተሰቦቻቸው ማሳሰቢያ

ፕላትሌት ደም በሚፈስበት ቦታ ተሰባስቦ ቀዳዳውን የሚደፍን፣ ደሙን የሚያረጋ ጥቃቅን የደም ክፍል ነው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ሲገኝ ጤናማ ይባላል። በእርግዝና ወቅት የደም ፈሳሹ ስለሚበዛ ፕላትሌቱ ሳሳ ይላል፤ ከ100 ነፍሰ ጡሮች ከ5 እስከ 10 ያህሉ ከ150 ሺህ በታች ይወርድባቸዋል። አብዛኞቹ ምንም ሳይሆኑ ይወልዳሉ፤ ቁጥሩም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ለሕይወት የሚያሰጋ በሽታ ምልክት ነው። ሁለቱን ለመለየት ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ መቼ እንደወረደና ከምን ጋር እንደመጣ መታወቅ አለበት።

ውጤቱን አይተው ወዲያው አይደንግጡ። ብዙ የላቦራቶሪ ማሽኖች ሺውን ትተው ነው የሚያትሙት፤ «98» ማለት 98 ሺህ ነው። ደሙ በመመርመሪያው ብልቃጥ ውስጥ ሲጓጉል ማሽኑ አሳንሶ የሚቆጥርበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ምርመራው እንዲደገምና ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቁ። መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ባለሙያውም ሊቀየም አይገባም።

ክትትል ሦስት ወር ሳይሞላ ይጀምሩ፤ የመጀመሪያውን ውጤት አይጣሉ። በሦስተኛው ወር 220 ሺህ የነበረ በስምንተኛው ወር 110 ሺህ ቢሆን፣ የደም ግፊቱም ደህና ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ከእርግዝናው የመጣ ነው። ያው 110 ሺህ በሁለተኛው ወር ከታየ ግን ሌላ ምክንያት ይፈለጋል፤ ለምሳሌ ሰውነት የራሱን ፕላትሌት የሚያጠፋበት ሕመም አለ። የድሮው ወረቀት ከሌለ ሐኪሙ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ወረቀቶቹን ሁሉ ከክትትል ካርዱ ጋር በአንድ ፌስታል ያኑሩ፤ ጤና ጣቢያ ሲቀይሩም ይዘው ይሂዱ።

የደም ግፊትዎ ሳይለካ ከክትትል አይውጡ። ከምንም በላይ የማሳስበው ይህንን ነው። ከአምስተኛው ወር ወዲህ ግፊቱ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ፕላትሌት ሲወርድ በሰዓታት ውስጥ ሊባባስ ይችላል። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ማስመለስ፣ ከቀኝ ጎድን በታች ወይም ከደረት ሥር የሚሰማ ሕመም ካለ ዛሬውኑ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። «ጨጓራዬ ነው፤ ትንሽ ልተኛበት» አይበሉ። ባሎችና እናቶችም «እርግዝና ነው፣ ያልፋል» ብለው አያሳድሯት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ይህ ሕመም ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናትም ስለሚመጣ አራሷን በዓይን ይከታተሉ።

ድድ ከደማ፣ ነስር ካላቆመ፣ ሲጫኗቸው የማይጠፉ ቀያይ ነጠብጣቦች እግር ላይ ከወጡ ቀጠሮ አይጠብቁ። ትኩሳት ካለ ደግሞ የወባ ምርመራ ይደረግ፤ ወባ ፕላትሌትን ያወርዳል።

ለራስ ምታትም ሆነ ለወገብ ሕመም አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ ገዝተው አይውሰዱ። ሐኪም ግፊትን ለመከላከል አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን አዝዞልዎት ከሆነ ግን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ፤ ፕላትሌት መቀነሱን ነግረው ምክሩን ይጠይቁ። ቀይ ሥር ጥሩ ምግብ ነው፣ ነገር ግን በእርግዝና የወረደን ፕላትሌት አይመልስም። የአይረን ኪኒንም የሚሰጠው ለደም ማነስ ነውና «ፕላትሌቴን አልጨመረልኝም» ብለው አይተዉት።

ቤት ውስጥ አይውለዱ። ፕላትሌት ስለቀነሰ ብቻ ኦፕራሲዮን አያስፈልግም፤ ብዙዎች በምጥ ይወልዳሉ። ኦፕራሲዮን ካስፈለገ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 50 ሺህ፣ በጀርባ ለሚሰጥ ማደንዘዣ ደግሞ 70 ሺህ ገደማ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ማዋለጃ ክፍል እንደገቡ የመጀመሪያ ንግግርዎ ስለ ፕላትሌትዎ ይሁን። ሰውነትዎ የራሱን ፕላትሌት የሚያጠፋ ከሆነ የሕፃኑም ደም ሲወለድ ይመርመር፤ ቁጥሩ ከተወለደ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ሊወርድ ስለሚችል ምርመራው ይደገም።

ዘመድና ጎረቤት ሁሉ ደም ይለግስ። ቀይ የደም ሴል በማቀዝቀዣ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል፤ ፕላትሌት ግን በደም ባንክ የሚቆየው 5 ቀን ገደማ ብቻ ስለሆነ አከማችቶ መጠበቅ አይቻልም። የዛሬ ለጋሽ የሚደርሰው ለዚህ ሳምንት ወላድ ነው። ጤነኛ የሆነ፣ 18 ዓመት የሞላውና ቢያንስ 45 ኪሎ የሚመዝን ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል።

ከወለዱ በስድስተኛው ሳምንት፣ ልጁን ለክትባት ሲወስዱ፣ የራስዎንም ደም ያስመርምሩ። ቁጥሩ ካልተመለሰ ምክንያቱ እርግዝናው ብቻ ላይሆን ይችላልና ወረቀቶቹን ይዘው ወደ ሐኪም ይመለሱ።