ከማጫወቻው ጀርባ የተጻፉት ቁጥሮች

አንድ የስቴሪዮ ማጫወቻ ወደ ቤት ሲገባ አብዛኞቻችን በቅድሚያ የምንመለከተው ፊቱን ነው። የመሣሪያውንም ሆነ የቤተሰቡን ደኅንነት የሚወስኑት ቁጥሮች ግን የሚገኙት ከጀርባው ነው። በዚህ ጽሑፍ ቮልት፣ ኸርዝና ኦም የተባሉትን ሦስት መለኪያዎች፣ በመጨረሻም ከጀርባው ያልተጻፈውን አራተኛ መለኪያ፣ ዴሲቤልን፣ እንመለከታለን።

ቮልት

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤቶች የሚሰራጨው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው 120 ቮልት ነው። ስለሆነም ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አምፕሊፋየር ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ይነበብ። «100–240» የሚል ከሆነ በሁለቱም አገሮች ይሠራል። «120» ብቻ የሚል ከሆነ ግን በውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ከተሠራለት ቮልቴጅ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ይደርሰዋል። በዚህ ጊዜ የብረት እምብርቱ ከሚችለው በላይ መግነጢሳዊ ፍሰት ስለሚጫንበት በጥቅልሉ የሚያልፈው ከረንት በድንገት ያሻቅባል፤ ሽቦውም ይግላል። ፊውዙ በጊዜ ካልተቃጠለ እሳት ሊነሣ ይችላል። መፍትሔው ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር መጠቀም ነው፤ የዋት አቅሙም ከማጫወቻው ፍጆታ መብለጥ አለበት።

የተቃጠለ ፊውዝ በተመሳሳይ አምፔር ፊውዝ እንጂ በሽቦ ቁራጭ አይተካም። ፊውዝ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ሽቦ ነው፤ ጠንካራ ሽቦ ከተተካበት በእርሱ ፈንታ የሚቃጠለው ሌላ ነገር ይሆናል። መብራት በሚጠፋበት ጊዜም ስፒናውን መንቀል ይገባል፤ ኃይሉ ተመልሶ በሚመጣበት ቅጽበት ቮልቴጁ ሊዋዥቅ ይችላልና።

ኸርዝ

ትራንስፎርመር ቮልቴጅን ይቀይራል እንጂ ድግግሞሽን አይቀይርም። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 ኸርዝ ነው። ይህ በአብዛኛው መሣሪያ ላይ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ፍጥነታቸው በድግግሞሹ በሚወሰን ሞተሮች በሚሠሩ የቆዩ የሸክላ ማጫወቻዎች ላይ ግን በግልጽ ይሰማል። በደቂቃ 33⅓ ዙር መዞር የሚገባው ሸክላ ወደ 27.8 ዙር ይወርዳል፤ የዘፋኙም ድምፅ ይጎተታል፣ ይወፍራል። ይህ የማጫወቻው ብልሽት ሳይሆን የ50 ለ60 ምጣኔ ውጤት ነው።

ኦም

ከስፒከር ማያያዣዎቹ አጠገብ «ከ8 ኦም የማያንስ» የሚል ማሳሰቢያ ተጽፎ እንበል። አምፕሊፋየሩ 20 ቮልት ሲያወጣ በአንድ ባለ 8 ኦም ስፒከር 2.5 አምፔር ያልፋል፤ ኃይሉም 50 ዋት ይሆናል። በዚያው ማያያዣ ላይ ሁለተኛ ባለ 8 ኦም ስፒከር በትይዩ ቢጨመር የጋራ ተቃውሞው 4 ኦም ይሆናል፤ ከረንቱ ወደ 5 አምፔር፣ ኃይሉም ወደ 100 ዋት ያድጋል። የአምፕሊፋየሩ ትራንዚስተሮች ለዚህ ካልተሠሩ ከመጠን በላይ ግለው ይቃጠላሉ።

ስለዚህ የተጻፈው ገደብ ይከበር፤ ሽቦዎቹም መሣሪያው ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ ይታሠሩ፤ የሽቦ ጭረቶች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ይደረግ። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ይገናኝ። በአንደኛው ስፒከር ላይ ከተገለበጠ፣ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ ይዳከማል። በአምፕሊፋየሩ ላይ ዳንቴል ማልበስ ሙቀቱን ያፍናል፤ የአበባ ማስቀመጫ ማኖር ደግሞ ውኃን ከኤሌክትሪክ ጋር ማጎራበት ነው።

ዴሲቤል

ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ እኩል ጎን ባለው ሦስት ማዕዘን ላይ ቢሆኑ፣ ለምሳሌ በሁለት ሁለት ሜትር ርቀት፣ ድምፁ በትክክል ይከፋፈላል፤ ለመስማትም ብዙ መጮኽ አያስፈልገውም። ይህም ለጆሮ ይጠቅማል። በሥራ ቦታ ጤንነት ረገድ በሰፊው በሚሠራበት መመዘኛ መሠረት 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ሊሰማ አይገባም። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፦ ለ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ ለ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት እያለ ለ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል።

መለኪያ የሌለው ሰው በቀላሉ መፈተን ይችላል። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ የሚያስፈልግ ከሆነ ድምፁ ከልክ አልፏል። የተቃጠለ ፊውዝ ከሱቅ ይገዛል። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉት ጸጉር መሰል ሕዋሳት ግን አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም።