የመስታወት መተኮሻ ምድጃ፤ አደራደሩ፣ አተኳኮሱና አጠባበቁ



የመስታወት ጥበብ ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታወሰን በአዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስኮት ነው። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን፣ የመስኮቱ ስፋት 150 ካሬ ሜትር ያህላል። በትምህርት ቤት የምንሠራው ግን በጣም አነስተኛ ነው፤ ይኸውም የተጣለ የለስላሳ ጠርሙስ ተኝቶ ሳህን እንዲሆን ማድረግ፣ ወይም የተሰበረ የመስኮት መስታወት አገጣጥሞ ማጣበቅ ነው። ለዚህ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይበቃል። ምድጃው ግን ውድ ነው፤ ከተበላሸም ተተኪ ቶሎ አይገኝም። ስለሆነም አያያዙን ሳንማር ተማሪ ፊት ባንቀርብ ይሻላል።

በመጀመሪያ አንድ ልዩነት እንወቅ። በአቦከር ቤቶች ጀበናና የሸክላ ምጣድ ብርቅ አይደሉም። ሸክላ ሠሪዎቻችን እንጨትና ኩበት ቆልለው ገላጣ ላይ ይተኩሳሉ፤ እሳቱ ሳይጠፋ ዕቃውን በዱላ የሚያወጡም አሉ። ሸክላው ይችለዋል። መስታወት ግን አይችልም። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሲሞቅ ሳይሆን ሲበርድ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? መስታወት ሲበርድ ቆዳው ቀድሞ ይደርቃል፤ ውስጡ ገና ትኩስ ነው። በኋላ ውስጡ ሲበርድ መኮማተር ይፈልጋል፤ የደረቀው ቆዳ ግን አያስጠጋውም። በዚህ የተነሳ ውጥረት በውስጡ ታምቆ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሳህን ከምድጃ ደህና መስሎ ይወጣና ከቀናት በኋላ በተማሪ እጅ ላይ ይሰነጠቃል። እንግዲህ አደጋው የሥራ መበላሸት ብቻ አይደለም፤ የልጅ ጣትና ዓይን ጭምር ነው።

አደራደር

1. መስታወቱ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ወረቀቱና ሙጫው ይነሳ።
2. የጠርሙስና የመስኮት መስታወት አንድ ላይ አይጣበቁ። ሲሞቁና ሲበርዱ እኩል ስለማይለጠጡና ስለማይኮማተሩ ይሰነጣጠቃሉ።
3. የመደርደሪያው ሰሌዳ የካኦሊንና የአሉሚና ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ አራት አምስት ጊዜ በስሱ ይቀባ፤ በደንብም ይድረቅ። አለበለዚያ መስታወቱ ይጣበቅበታል። ቅባቱ ጡቡንና ሬዚስታንሱን እንዳይነካ።
4. ሰሌዳው ከወለሉ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ሙቀቱ ከሥርም ይዞር ዘንድ።
5. ቁራጮቹ እርስ በርስ አይነካኩ፤ ከግድግዳውም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቁ። ጠርሙስ ተጋድሞ፣ እንዳይንከባለል በትንሽ ጡብ ይደገፍ፤ ክዳኑም ይነሳ።

አተኳኮስ

ለአንድ ጠርሙስ የሚከተለው ይበጃል። እስከ 540 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ በሰዓት ከ150 ዲግሪ ባልበለጠ ፍጥነት ይሙቅ። ከዚያ ወዲያ ፈጠን ቢል አይጎዳም። ከ780 እስከ 800 ሲደርስ ጠርሙሱ ይተኛል፤ 10 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። በዚህ ሙቀት ብዙ ከቆየ ላዩ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ያወጣል። የመስኮት መስታወት ለማጣበቅ ከ820 እስከ 840፣ በቅርጽ ላይ ለማጉበጥ ደግሞ 700 አካባቢ ይፈልጋል።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ሙቀቱ ወደ 540 ሲወርድ አንድ ሰዓት እዚያው ይቆይ። ውጥረቱ የሚለቀው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ እስከ 370 ድረስ በሰዓት ከ80 ዲግሪ ባልበለጠ ይውረድ፤ ከዚህ በኋላ ምድጃው ጠፍቶ ተዘግቶ ይደር። ከ50 ዲግሪ በታች ሳይደርስ ክዳኑ አይከፈት። ጠዋት የተጀመረ ሥራ በማግሥቱ ይታያል ማለት ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ የተሰነጠቀ መስታወት ግን ለቃሚውንም ይቆርጣል። ምድጃዎች ስለሚለያዩ በመጀመሪያ በትንሽ ቁራጭ እንሞክር።

መብራት ቢጠፋስ?

ይህ የሁላችንም ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ክዳኑን አንክፈት። ሁለተኛ፣ መብራቱ ሰው በሌለበት ሲመጣ ምድጃው በኃይል እንዳይነሳ ማብሪያውን እናጥፋ። ሦስተኛ፣ የተቋረጠበትን ሰዓትና ሙቀት በደብተር እንጻፍ። ሙቀቱ እየወጣ ሳለ ከሆነ ካለበት ቀስ ብለን እንቀጥላለን። እየወረደ ሳለ ከሆነ ደግሞ መስታወቱ ሳይሰነጠቅ ከቆየ፣ ቀስ ብለን እንደገና እስከ 540 አድርሰን የማቆየቱንና የማውረዱን ሥራ ከመጀመሪያው እንደግማለን።

አጠባበቅ

እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሁሉ የምድጃም ሕይወቱ ሬዚስታንሱ ነው። አንዴ ከሞቀ በኋላ ተሰባሪ ስለሚሆን በብረት አይነካ። ከመጥረጋችን በፊት ምድጃው መብረዱንና ሶኬቱ መነቀሉን እናረጋግጥ፤ በለስላሳ ብሩሽም እንጥረግ። የተላጠ ቅባት በእርጥብ ጨርቅ ይነሳና ሰሌዳው በአዲስ ይቀባ፤ አቧራው ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ አፍና አፍንጫ ይሸፈን። ምድጃው የራሱ ወፍራም ሽቦና የመሬት መስመር ይኑረው፤ ከምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አይሰካ። ወደ ፍሙ ስናይ ጥቁር መነጽር እናድርግ፣ የቆዳ ጓንት እናጥልቅ፤ ናይሎን ልብስ አንልበስ።

ነገ መምህራን ስንሆን ልጆቹ “ቲቸር፣ አሁን ይከፈት!” ማለታቸው አይቀርም። ደብተሩን አውጥተን የሙቀቱን ቁጥር እናስነብባቸው፤ 50 እስኪደርስ በየሰዓቱ ራሳቸው ይመዝግቡት። መጠበቁም ያኔ ትምህርት ይሆናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ሸክላ የሚችለውን ድንገተኛ ቅዝቃዜ መስታወት የማይችለው ለምንድን ነው?
ለ. ሙቀቱ 450 ላይ እየወረደ ሳለ መብራት ቢጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?