ዲፕሎማሽን አትሰርዢው

ቆይ ሚጡዬ፣ ሲቪሽ ላይ ያለውን የዲፕሎማ መስመር አታጥፊው። ዲግሪ ስለያዝሽ ዲፕሎማው ያሳንስሻል ያለሽ ማነው? ከደረጃ 4 ነርስነት ተነስተሽ፣ ቀን እየሰራሽ ማታ እየተማርሽ ቢኤስሲሽን ይዘሻል፤ አሁን ደግሞ የኤምፒኤች ማስተርስ ጀምረሻል። በዚህ መንገድ የመጣ ሰው በእያንዳንዱ እርከን ያገኘውን ወረቀት ቢደረድር ኩራቱ ነው።

የኩራት ጉዳይ ብቻም አይደለም። የቅጥር ማስታወቂያዎቹን ልብ ብለሽ አንብቢያቸው፤ “ዲግሪና 2 ዓመት ወይም ዲፕሎማና 4 ዓመት የስራ ልምድ” የሚሉ አሉ። ማህደርሽን የምታየው የሰው ሃብት ሰራተኛ የትምህርት ማስረጃሽ የተሰጠበትን ቀን ከስራ ልምድ ደብዳቤሽ ጋር ነው የምታስተያየው። ጤና ጣቢያው የጻፈልሽ ልምድ ከ2009 ዓ.ም ይጀምራል፤ ዲግሪሽ ግን የ2013 ነው። ዲፕሎማውን ካጠፋሽው፣ እነዚያን አራት ዓመታት በምን ሙያ እንደተቀጠርሽ የሚያስረዳ ነገር የለም። ከዲግሪ በፊት ያለውን ልምድ የሚቆጥር መስሪያ ቤት አለ፣ የማይቆጥርም አለ። ውሳኔው የእነሱ ነው፤ አንቺ ግን ማስረጃውን አትንፈጊያቸው።

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፤ የቅርቡ ከላይ፣ የቆየው ከታች። የአስረኛ ክፍል ውጤትሽን ከሲቪው አውጪው፤ ፎርም ላይ ከጠየቁሽ ኮፒውን ታያይዣለሽ።

አሁን ቀኖቹን ተመልከቻቸው። ዲፕሎማው ላይ 2008 ብለሻል፣ ዲግሪው ላይ ደግሞ 2021። አንዱ በኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር! በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲቪ ይዛ የተቀመጠች የውጭ ድርጅት ቀጣሪ በሁለቱ መካከል አስራ ሦስት ዓመት ነው የምታየው፤ በእውነቱ ያለው ግን አምስት ነው። ሐምሌ 2008 ማለት ጁላይ 2016 ነው፤ እሱን ጻፊ። ለመንግስት መስሪያ ቤት በአማርኛ ስታዘጋጂ ደግሞ ሁሉንም ወደ ዓ.ም መልሺው።

ስለ ኤምፒኤችሽ ግን ጠንከር ብዬ ልናገርሽ ነው። ኮርሱን ጨርሰሻል፣ ቴሲስ ይቀርሻል። እዚህ የጻፍሽው ግን “ኤምፒኤች” ብቻ ነው፤ ስምሽ ጎን እንኳ ለጥፈሽዋል። እሱን ዛሬውኑ አንሺው። አንቺ ለማታለል ብለሽ እንዳላደረግሽው አውቃለሁ፤ አንብቦ የሚቀጥርሽ ሰው ግን ያለቀ ዲግሪ አድርጎ ነው የሚወስደው። መስሪያ ቤቶች ለተቋማቱ ደብዳቤ ጽፈው ማስረጃ ያጣራሉ። ዩኒቨርሲቲው “ገና አልተመረቀችም” ብሎ የመለሰ ቀን፣ በላብሽ ያገኘሻቸው ሌሎቹ ወረቀቶችም አብረው ይጠረጠራሉ። “በመማር ላይ፤ ኮርስ የተጠናቀቀ፣ ቴሲስ የቀረ” ብለሽ የምትጨርሺበትን ወር ጨምሪ። እንዲህ ተጽፎም ክብደት አለው።

አሜሪካ ዶክትሬት የሚማረው የአክስታችን ልጅ ሳይጨርስ ማስተርስ ጽፏል ትዪኝ ይሆናል። የእሱ ሌላ ነው። እዚያ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለዶክትሬት የሚቀበሉ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ፤ መሃል ላይ ያለውን መስፈርት ላሟላ ተማሪ ማስተርስ ይሰጣሉ። እንደ ዬልና ኮሎምቢያ ያሉት ደግሞ ከመመረቂያ ጽሁፉ በስተቀር ሁሉንም ለጨረሰ ኤምፊል የሚባል ዲግሪ አላቸው። የእሱ ተሰጥቶት ትራንስክሪፕቱ ላይ ከነቀኑ ሰፍሯል። ያንቺ ፕሮግራም ግን ኮርስ ስለጨረስሽ የሚሰጥሽ ወረቀት የለም። ሬጅስትራር ያልሰጠሽን እኛ ለራሳችን አንሰጥም።

ሲኦሲሽን ከዲፕሎማው ጋር አትቀላቅይው። ዲፕሎማውን የሰጠሽ ኮሌጁ ነው፤ ሲኦሲው ተመዝነሽ ብቁ መሆንሽ የተረጋገጠበት ሌላ ወረቀት ነው። ከሙያ ፈቃድሽ ጋር አንድ ላይ ለብቻቸው አስቀምጫቸው፤ የፈቃዱን የማብቂያ ቀንም ጻፊ። ጤና ጣቢያው የላከሽ የአጭር ጊዜ ስልጠናዎች ደግሞ “ስልጠና” በሚል ርዕስ ስር ይግቡ። የአምስት ቀን ስልጠና ከዲግሪሽ ጎን ሲሰለፍ አንባቢው ሁለቱንም በእኩል ሚዛን ያያቸዋል፣ ያ ደግሞ ዲግሪሽን ይጎዳል።

እስቲ ኦርጅናሎቹን አምጫቸው። ይኸው፣ የአባባ ስም ዲፕሎማው ላይ በአንድ ኤስ፣ ዲግሪው ላይ በሁለት ኤስ ነው የተጻፈው። ሲቪሽ ላይ ከፓስፖርትሽ ጋር የሚገጥመውን ያዢ፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ኮሌጁ ሬጅስትራር ሄደሽ ማስተካከያ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቂ። የማመልከቻው ቀን ደርሶ ከምትሯሯጪ አሁኑኑ ጀምሪው፤ ደብዳቤውን እኔ እጽፍልሻለሁ።